ያውቁ ኖሯል? መብራት ሄዶ ሲመለስ

መብራት ሲጠፋ ሁላችንም የምንሰጋው ለጠፋበት ቅጽበት ነው። ለኮምፒውተር ግን ብዙ ጊዜ የከፋው ሲመለስ ያለው ነው። በአዲስ አበባ ያሉትን የልደታ ኮንዶሚኒየሞች ያስቡ። መብራት ሲሄድ የየቤቱ ማቀዝቀዣ፣ የውኃ ፓምፑ፣ ሳይነቀል የተተወው ምጣድና ካውያ እንደተሰካ ይቀራል። መብራቱ ሲመጣ ሁሉም በአንዴ ይነሳሉ። ሞተር ያለው ዕቃ ደግሞ ሲነሳ የሚስበው ከረንት፣ ከተረጋጋ በኋላ ከሚስበው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በእነዚያ የመጀመሪያ ሰከንዶች ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ይወጣል፤ አንዳንዴም መብራቱ መልሶ ይጠፋል። ስለዚህ መብራት እንደሄደ የኮምፒውተሩን ሶኬት ይንቀሉ። ሲመጣ ደግሞ አምስት ደቂቃ ያህል ታግሰው፣ አምፖሉ መርገብገቡን ሲተው ይሰኩ። ገንዘብ የማያስወጣ ጥንቃቄ ነው፤ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን በባትሪ የሚያቆየው ሳጥን) ለሌለው ሰው ደግሞ ከዚህ የሚሻል መከላከያ የለም።

የአንድ ብሎክ ነዋሪዎች ቴሌቪዥን በአንድ ምሽት ተያይዞ የሚቃጠለው ለምን እንደሆነስ? 220 ቮልት የምንለው በአንድ ፌዝና በኒውትራል መካከል ያለውን ነው። በሁለት ፌዝ መካከል ያለው ግን 380 ቮልት ነው። ከምሰሶው ወይም ከቆጣሪው ሳጥን ላይ የኒውትራሉ ገመድ ሲላላ ወይም ሲበጠስ፣ በተለያየ ፌዝ ላይ ያሉ ጎረቤታሞች ያንን 380 ቮልት ይካፈሉታል። ክፍፍሉ ግን እኩል አይደለም። ምጣድ ጥዶ ብዙ የሚስበው ቤት ትንሽ ቮልት ይደርሰዋል፤ አንድ ኮምፒውተርና አንድ አምፖል ብቻ የከፈተው ቤት ከ300 ቮልት በላይ ሊገባበት ይችላል። ኤሌክትሪክ ሠራተኞች «ሁለት ፌዝ ገብቶበት ነው» የሚሉት ይህንን ነው። ምልክቱን ማወቅ ይጠቅማል፦ የእርስዎ አምፖል ከወትሮው በላይ ቦግ ብሎ የጎረቤትዎ ከደበዘዘ፣ ወይም መብራቱ አንዴ ሲደምቅ አንዴ ሲፈዝ ካዩ፣ ኮምፒውተሩን በሥርዓት ልዝጋ ብለው አይዘግዩ። ዋናውን ብሬከር ያውርዱ፣ ለጎረቤት ይንገሩ፣ ከዚያ 905 ይደውሉ።

በነገራችን ላይ 905 የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ስልክ ነው። በልማድ ሁሉንም «መብራት ኃይል» እንላለን እንጂ ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ መሥሪያ ቤቱ ለሁለት ተከፍሏል። ግድቡና ትልልቁ መስመር የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ድርሻ ሲሆን፣ የሰፈሩ ትራንስፎርመር፣ ምሰሶውና ቆጣሪው የአገልግሎቱ ነው።

ኮምፒውተር መብራት ከተቋረጠበት በኋላ ለጥቂት ቅጽበት በራሱ ጉልበት ይቆያል፤ ይህንንስ ያውቁ ኖሯል? በፓወር ሳፕላዩ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች ያጠራቀሙት ኃይል ወደ 16 ሚሊ ሰከንድ ያህል ያቆየዋል። የእኛ መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ አንዱ ዙር 20 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ ኮምፒውተሩ የሚታገሰው አንድ ዙር እንኳ አይሞላም። ተራው ዩፒኤስ ከመስመር ወደ ባትሪ ለመዞር ከ4 እስከ 10 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ኮምፒውተሩ የሚተርፈው በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ልዩነት ውስጥ ነው። ፓወር ሳፕላዩ ካረጀና ካፓሲተሮቹ ከደከሙ ግን ዩፒኤሱ ጤነኛ ሆኖም ኮምፒውተሩ ድርግም ይላል። ብዙ ሰው ያን ጊዜ ዩፒኤሱን ሊቀይር ይሄዳል፤ መቀየር የነበረበት የኮምፒውተሩ ፓወር ሳፕላይ ነው።

በሃርድ ዲስክ ውስጥ ያለው ማንበቢያ ራስ በሥራ ላይ ሳለ ዲስኩን አይነካም። ዲስኩ ሲሽከረከር በሚፈጥረው ስስ የአየር ንጣፍ ላይ ይንሳፈፋል። መብራት ድንገት ሲሄድስ? ዲስኩ መሽከርከሩን ወዲያው ስለማያቆም ሞተሩ ለአፍታ ወደ ጄኔሬተርነት ይለወጣል፤ በዚያች ባመነጫት ኃይል ማንበቢያ ራሱን ወደ ማረፊያው ይመልሰዋል። እጅግ የሚያስደንቅ የምሕንድስና ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ዲስኩን ከመጫጫር ያድነዋል እንጂ በዚያች ሰከንድ ይጻፍ የነበረውን ፋይል አያድነውም። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ነገር ባይኖረውም ከዚህ አደጋ ነፃ አይደለም። የትኛው መረጃ የት እንዳለ የሚመዘግብበት የውስጥ ማውጫ አለው፤ ማውጫው በመታደስ ላይ ሳለ ኃይል ከተቋረጠ ዲስኩ በሙሉ ላይነበብ ይችላል። ለትልልቅ ሰርቨሮች የሚሠሩት ለዚህ ቅጽበት የሚሆን ካፓሲተር ተገጥሞላቸዋል፤ የቤቶቹ በአብዛኛው የላቸውም።

ያልተቀመጠ ጽሑፍ መጥፋት ምን ማለት እንደሆነ ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ የሚሠሩ ጸሐፊዎች ከማንም በላይ ያውቁታል። ባለጉዳዩ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጉዳዩን ይናገራል፣ ጸሐፊዋ ክሱን ወይም የይግባኙን አቤቱታ ትተይባለች፣ ጠረጴዛው ላይ የማስረጃው ኮፒ ተከምሯል። መዝገብ ቤቱ ሳይዘጋ መድረስ አለበት። ስድስተኛው ገጽ ላይ መብራት ጭልም ሲል የጠፋው የጸሐፊዋ ድካም ብቻ አይደለም፤ የቀጠሮ ቀን፣ የይግባኝ ጊዜ፣ የሰው ጉዳይ ነው። ወርድ በራሱ የሚያስቀምጠው የማገገሚያ ቅጂ፣ ካልነኩት በየ10 ደቂቃው ነው። በ10 ደቂቃ ውስጥ ጎበዝ ጸሐፊ ገጽ ሊሞላ ይችላል። ቅንብሩ ውስጥ ገብተው ወደ 1 ደቂቃ ያውርዱት፤ ከዚያም በላይ ጣትዎን ኮንትሮልና ኤስ ላይ ያስለምዱ። ቤት ውስጥ የመመረቂያ ጽሑፍ ለሚጽፍ ልጅም ምክሩ ያው ነው።

ዩፒኤስ የሚገዛው ሥራ ለመቀጠል ነው ብለው ከሆነ ግን ሒሳቡን አብረን እንሥራው። በቤት ዩፒኤሶች ውስጥ በብዛት የሚገኘው ባትሪ ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፔር ሰዓት ነው። ሲባዛ 84 ዋት ሰዓት ይሆናል። ዴስክቶፑና ስክሪኑ አንድ ላይ 120 ዋት ቢስቡ 42 ደቂቃ ይመስላል። በተግባር አይደርስም። ኢንቨርተሩ የራሱን ድርሻ ይወስዳል፤ የእርሳስ ባትሪ ደግሞ በፍጥነት ሲመዘበር ያለውን ሁሉ አይሰጥም። ጀርመናዊው ቪልሄልም ፖይከርት ይህንን ጠባይ በቀመር ያስቀመጠው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው። ስለዚህ አዲስ ባትሪ ሆኖ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቢሰጥዎ በቂ ነው፤ ካረጀ ከ5 ደቂቃ በታች ይወርዳል። ዩፒኤስ የሚሸጥልዎ ዕድሜ ሳይሆን ፋታ ነው፦ ፋይሉን ለማስቀመጥ፣ ፕሮግራሙን ለመዝጋት፣ ኮምፒውተሩን በሥርዓት ለማጥፋት የሚበቃ ፋታ። የዩፒኤሱ የጢጢታ ድምፅ ከተፋጠነ ፋታው እያለቀ ነው።

የፖይከርት ሕግ መልካም ጎንም አለው። ጭነቱን በግማሽ ቢቀንሱ ጊዜው ከእጥፍ በላይ ይረዝማል። መብራት እንደሄደ ስፒከሩን፣ ሁለተኛውን ስክሪን፣ ከዩፒኤሱ ጋር የተሰካውን የስልክ ቻርጀር ይንቀሉና ልዩነቱን ይዩ።

ዩፒኤስ ላይ የሚጻፈው 650 የሚለው ቁጥር 650 ዋት አይደለም። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቪኤ (ቮልት አምፔር) ነው። በርካሾቹ ላይ እውነተኛው ዋት ከቪኤው 60 በመቶ ገደማ ስለሆነ ባለ 650ው የሚሸከመው 390 ዋት ወይም ከዚያ በታች ነው። ሲገዙ ዋቱን ይጠይቁ። ሻጩ ካላወቀው ከኋላው ተለጥፎ ይገኛል።

የዋቱ ቁጥር በተለይ የሚመለከተው የሥነ ሕንፃ ተማሪዎችን ነው። በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር እ.ኤ.አ. በ1954 የተጀመረው፣ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የሥነ ሕንፃና የግንባታ ትምህርት ቤት ግቢው ልደታ ነው። ተማሪዎቹ ሌሊት ሬንደር ያደርጋሉ፣ ማለትም ንድፋቸውን በኮምፒውተር ወደ ምስል ይለውጣሉ፤ ጠንካራ ግራፊክስ ካርድ ሙሉ ጭነት ላይ ሲሆን ኮምፒውተሩ 300፣ 400 ዋት ይስባል። ትንሹ ዩፒኤስ ያን ሰዓት መብራት ሲሄድበት አንዴ ጮኾ አብሮ ይጠፋል። ሌላም አለ፦ ርካሽ ዩፒኤስ ባትሪ ላይ ሲሆን የሚያወጣው ለስላሳ ሞገድ ሳይሆን ደረጃ ደረጃ ያለው ነው፤ አንዳንድ ዘመናዊ ፓወር ሳፕላዮች ይህንን አይቀበሉም። ለእንዲህ ያለ ማሽን «ፒዩር ሳይን ዌቭ» የሚለውን መግዛት ያዋጣል። አቅም ካልፈቀደ ደግሞ ሬንደሩ ምስሉን በየክፍሉ እያስቀመጠ እንዲሄድ ማድረግ የሌሊቱን ድካም ያተርፋል።

ሌዘር ፕሪንተር ከዩፒኤስ ጋር አይሰካም። ቀለሙን ወረቀቱ ላይ የሚያቀልጠው ማሞቂያ በአንዴ እስከ 1,000 ዋት ሊስብ ይችላል። ምጣድማ ከ3,000 ዋት በላይ ነው፤ እንኳን ከዩፒኤስ ጋር፣ ከኮምፒውተሩ ጋር በአንድ ማከፋፈያ ላይም አይሰካ።

ስለ ማከፋፈያ ካነሣን፣ ተራው ማከፋፈያ ምንም አይከላከልም። ቀይ መብራት ስላለው የሚከላከል ይመስላል፤ መብራቷ የምትነግርዎ ኃይል መኖሩን ብቻ ነው። እውነተኛው ሰርጅ ፕሮቴክተር በውስጡ ከዚንክ ኦክሳይድ የተሠራች ጠፍጣፋ ነገር አለችው፤ ቮልቴጁ ከልክ ሲያልፍ ትርፉን በራሷ ላይ ትቀበላለች። በተቀበለች ቁጥር ትደክማለች፣ አንድ ቀንም ትሞታለች። ማከፋፈያው ከዚያ በኋላም መሥራቱን ይቀጥላል፤ መከላከሉ ግን አብቅቷል።

ስታብላይዘርና ዩፒኤስን አንድ አድርጎ የሚያይ ሰው ብዙ ነው። ስታብላይዘር የተዛባውን ቮልት ያስተካክላል፣ መብራት ከሄደ ግን አብሮ ይሄዳል። «ላይን ኢንተራክቲቭ» የሚባለው ዩፒኤስ ሁለቱንም ይሠራል፦ ቮልቴጁ መጠነኛ ዝቅ ወይም ከፍ ሲል ባትሪውን ሳይነካ ያስተካክላል። ማታ ምጣድ በሚጣድበት ሰዓት አምፖል በሚደበዝዝበት ሰፈር የሚመረጠው ይህ ነው። ተራው ግን መብራት በወረደ ቁጥር ወደ ባትሪው እየዞረ በወራት ውስጥ ያደክመዋል።

ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድዎ ዩፒኤስ ይዞልዎ እንዳይመጣ ቀድመው ይንገሩት። የእነሱ መብራት 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው፤ ዩፒኤሱ እዚህ ግድግዳ ላይ እንደተሰካ ይቃጠላል። የላፕቶፕ ቻርጀር አያሳስብም፤ ጀርባው ላይ ከ100 እስከ 240 የሚል ጽሑፍ ካለው የትም ይሠራል። ከዚያ የሚመጣ አሮጌ ዴስክቶፕ ግን ከኋላው ትንሽ ቀይ ማዞሪያ ሊኖረው ይችላል። 115 ላይ ሆና ከተሰካ እንደ ርችት ይፈነዳል። ከመሰካትዎ በፊት ወደ 230 ያዙሯት።

በግንቦት 2011 የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ውኃ ስለቀነሰ መብራት በመላ አገሪቱ በፈረቃ መሰጠት ጀምሮ ነበር፤ ለጎረቤት አገሮች የሚሸጠውም ተቋርጦ ነበር። የቤት ዩፒኤስ ያን ጊዜ ለምን ቶሎ ቶሎ ይከዳ እንደነበር የሚያስረዳ አንድ እውነት አለ። ሙሉ በሙሉ ያለቀ የእርሳስ ባትሪ በዩፒኤሱ ትንሽ ቻርጀር ተመልሶ ለመሙላት ከ6 እስከ 8 ሰዓት ይወስድበታል። መብራት በቀን ሁለቴ ከጠፋ ሁለተኛው ጥፋት የሚያገኘው ግማሽ ባትሪ ነው። ደቡብ አፍሪካውያን በነበረባቸው የዓመታት ፈረቃ ይህንኑ በሞባይል ማማዎች ላይ አይተውታል፦ ጥፋቱ ሲደጋገም የማማዎቹ ባትሪ ሳይሞላ ያልቅና ኔትወርኩም አብሮ ይሄዳል። የእርሳስ ባትሪ ባዶ ሆኖ መቀመጥን አይወድም። ዩፒኤሱን ለክረምት ዕረፍት ነቅለው ከሄዱ ሞልተው ያስቀምጡት፣ በየሦስት ወሩም ይሰኩለት።

ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመረቀ፤ አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ድሮ ለአዲስ አበባ ያበራ የነበረው የአባ ሳሙኤል ማመንጫ 7 ሜጋ ዋት እንኳ አይሞላም ነበር። ከዚያ እዚህ መድረስ ታላቅ ነገር ነው፣ ልብም ያሞቃል። ግድቡ ያመነጨው ኃይል ግን በ500 ሺህ ቮልት መስመር ተጉዞ፣ በየጣቢያው እየወረደ፣ ሰፈር ውስጥ በ15 ሺህ ቮልት ገብቶ፣ በመጨረሻ ከደጃችን ያለው ትራንስፎርመር ወደ 380 እና 220 ያወርደዋል። በዚህ ጉዞ ላይ አንድ ፊውዝ ቢቃጠል፣ አንድ የቁፋሮ ማሽን ኬብል ቢበጥስ፣ የተትረፈረፈ ኃይል እያለ ቤታችን ይጨልማል። ስለዚህ ኮምፒውተር ያለው ሰው ባትሪውን የሚያስብበት ምክንያት አሁንም አለ።

የድሮው የቤት ስልክ መብራት ሲጠፋ የማይጠፋው ለምን ነበር? ከቴሌ ጣቢያው በመዳብ ሽቦው በኩል 48 ቮልት ይመጣለት ስለነበር ነው፤ ጣቢያው ደግሞ ትልልቅ ባትሪዎች ነበሩት። ዛሬ ኢንተርኔት የሚያመጣልን የፋይበር ገመድ ግን ኃይል አይሸከምም፤ ብርሃን ብቻ ነው። የሚያስደስተው፣ መንገድ ላይ ብርሃኑን ለየቤቱ የሚያከፋፍለው ዕቃ መብራት አያስፈልገውም። ስለዚህ ከቴሌ ጣቢያው እስከ ደጅዎ መስመሩ ሕያው ሆኖ ሳለ ዋይፋዩ የሚጠፋው ቤትዎ ያለው ሳጥን ስለጠፋ ብቻ ሊሆን ይችላል። ራውተር የሚስበው 10 ዋት ገደማ ነው። ኮምፒውተሩን አጥፍተው ትንሹን ዩፒኤስ ለራውተሩ ብቻ ቢተዉለት ከሁለት ሰዓት በላይ ሊያቆየው ይችላል። ላፕቶፕ ያለው ሰው ዩፒኤሱ ላፕቶፑ ውስጥ ስላለ፣ ገንዘቡን ለራውተሩ ባትሪ ቢያውለው ይሻለዋል።

ግንቦት ልደታ ንፍሮው ከደጅ ተቀቅሎ ከተበላ በኋላ ክረምቱ ሩቅ አይደለም፤ መብረቁም እንዲሁ። ዩፒኤስም ሆነ ሰርጅ ፕሮቴክተር በቅርብ የወደቀን መብረቅ አያቆምም። ነጎድጓዱ ሲቀርብ ሶኬቱን መንቀል ብቻውን አይበቃም። በመዳብ ሽቦ የሚመጣ ኢንተርኔት ካለዎት የስልክ መስመሩን፣ ከዲሽ የሚመጣ ገመድ ካለም እሱን ይንቀሉ። መብረቅ በሁሉም ይገባል።

የአዲስ አበባ አየር ለባትሪ ይስማማል። የእርሳስ ባትሪ የሚወደው ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ነው፤ ከዚያ በላይ ሙቀቱ በየ10 ዲግሪው ሲጨምር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ ልደታ ላይ አራት ዓመት የሚቆይ ባትሪ ሰመራ ላይ ሁለት ዓመት ላይደፍን ይችላል። በአንጻሩ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ የኮምፒውተሩ ማራገቢያ ሙቀቱን እንደ ቆላው በቀላሉ አያወጣውም። ዩፒኤሱን ከመጋረጃና ከአልጋ ሥር ያውጡት፣ የኮምፒውተሩንም አቧራ በየጊዜው ያጽዱ።

የመኪና ባትሪ ከዩፒኤስ ጋር አገናኝቶ ሰዓት ማስረዘም የተለመደ ብልኃት ነው። መኝታ ቤት ውስጥ ግን አያድርጉት። ክፍት ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ሃይድሮጅን ያወጣል፤ በአየር ውስጥ 4 በመቶ ከደረሰ በብልጭታ ሊፈነዳ ይችላል። በዚያ ላይ ለትንሽ ባትሪ የተሠራው የዩፒኤሱ ቻርጀርና ኢንቨርተር ለሰዓታት ሲሠራ ከልክ በላይ ይግላል።

ባትሪው መሞቱን ለማወቅ መብራት እስኪጠፋ መጠበቅ አያስፈልግም። በወር አንዴ ኮምፒውተሩን አጥፍተው፣ ተራ አምፖል ዩፒኤሱ ላይ ሰክተው ከግድግዳው ይንቀሉት። ወዲያው ከጠፋ ወይም ባትሪው አብጦ ከሆነ መቀየሪያው ደርሷል፤ ዩፒኤሱ ግን አይጣልም፣ ባትሪው ብቻ ተገዝቶ ይገባለታል። አሮጌውን ለቆራሌው ከመስጠትዎ በፊት አዲሱን የሸጠልዎትን ሰው ይቀበል እንደሆነ ይጠይቁት። ባትሪው ግቢ ውስጥ ከተሰበረ አሲዱ ያቃጥላል፤ እርሳሱ ደግሞ አፈሩ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፣ ከሁሉም በላይ የሚጎዳውም አፈሩ ላይ የሚጫወቱትን ሕፃናት አእምሮ ነው። እንደታሸገ፣ ሳይከፈት ያስረክቡት።